የዱር አራዊትን ስፍራ በማኅበርና በፈቃድ ስለ መጠበቅ፤ ከመንዝ ጓሳ የሚገኝ ትምህርት

የአገር አስተዳዳሪና የወረዳ ሹም፥ ሰፊ መሬትም በእጁ ያለ ሰው፥ ስለ ዱር አራዊትና ስለ ሜዳ ጥበቃ በተነገረ ጊዜ በመጀመሪያ የሚያስበው ስለ ደመወዝተኛ ዘበኛ ነው። ዘበኛ ቢጨመር፥ ጠመንጃ ቢታደል፥ ቅጣት ቢበረታ ዱሩ ይጠበቃል ይላል። ነገሩ በቍጥር ሲመረመር ግን እንዲህ ሆኖ አይገኝም። 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሆነ ተራራ በቀድሞው የመሬት ልክ 250 ጋሻ ያህል ነው። በዚህ ላይ 10 ዘበኞች ቢቆሙበት ለያንዳንዱ 25 ጋሻ ይደርሰዋል። ገደልና ጉም ባለበት አገር አንድ ሰው በእግሩ እየሄደ ይህን ያህል ስፍራ ቀንና ሌሊት ሊያይ አይችልም። ሣር ሊሰርቅ ወይም አውሬ ሊገድል የሚመጣው ሰው ግን የዘበኛውን መንገድና ሰዓት በጥቂት ቀን ውስጥ ያጠናዋል።

ስለዚህ ዱር በእውነት የሚጠበቀው በዙሪያው የሚኖረው ሕዝብ በማኅበር ሆኖ በፈቃዱ ሲጠብቀው ነው። የደመወዝተኛው ሥራ ይህን ማኅበር መርዳት ነው እንጂ በማኅበሩ ስፍራ መተካት አይደለም። ለዚህም ነገር ምሳሌውን ከባሕር ማዶ መፈለግ አያስፈልግም፤ በሰሜን ሸዋ በመንዝ ያለው ጓሳ በቂ መምህር ነው። ጓሳ የሚያስተምረው ሕዝብ በኅብረት ዱርን መጠበቅ እንደሚችል ብቻ አይደለም፤ የመንግሥት እጅ እንዲህ ያለውን ኅብረት እንዴት ሊያጸናው፥ እንዴትም ሳያስበው ሊያፈርሰው እንደሚችል ጭምር ነው። ከዚህ በታች የፈረንጅ ካልተባለ በቀር ዓመቱ በኢትዮጵያ አቈጣጠር የተጻፈ ነው።

የስፍራው ሁኔታ

ጓሳ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በመንዝ ጌራ ምድር የሚገኝ ውርጭማ ደጋ ነው። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ይደርሳል፤ ስፋቱም ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በምሥራቅ በኩል ምድሩ በገደል ተቈርጦ ወደ ቈላው ይወርዳል። ከዚህ ተራራ ከሚመነጩት ውሃዎች ከፊሎቹ ወደ አዋሽ፥ ከፊሎቹም ወደ ዓባይ ስለሚወርዱ፥ ሜዳው ቢራቈት ጕዳቱ የሚደርሰው በመንዝ ሰው ላይ ብቻ አይደለም።

ስፍራው ስሙን ያገኘው ጓሳ ከሚባለው ሣር ነው። ይህ ሣር ረዥምና ጠንካራ ሆኖ በጕንጕን የሚበቅል ነው። የመንዝ ሰው ቤቱን የሚከድነው በእርሱ ነው፤ ገመድ ይገምድበታል፤ ለዝናብ የሚለበሰውን ገሳ ይሠራበታል፤ የተረፈውንም ወደ ገበያ አውጥቶ ይሸጠዋል። ከቍጥቋጦው ማገዶ ይለቅማል። ዝናም በጠፋበትና ገብሱ በከሸፈበት ዓመትም ከብቱና በጉ ነፍሱን የሚያተርፈው በዚህ ሜዳ ነው። እንግዲህ ጓሳ ለባላገሩ ጌጥ ሳይሆን ጣራው፥ ምድጃውና የክፉ ቀን ጎተራው መሆኑን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ይህን ያላወቀ ሹም ስለ ጥበቃ የሚናገረው ሁሉ በሕዝቡ ጆሮ አይገባም።

በዚሁ ሜዳ ከኢትዮጵያ ተራሮች በቀር በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ የማይገኙ አራዊት ይኖራሉ። ከነዚህ ዋናው ቀይ ቀበሮ ነው። በመላው ኢትዮጵያ ያደጉት ቀይ ቀበሮዎች ቍጥር ከ500 ያነሰ ነው፤ ከነዚህም የሚበልጡት በባሌ ተራሮች ሲሆኑ፥ ጓሳ ያሉት በአሥር የሚቈጠሩ ናቸው። ሁለተኛው ሣር የሚግጠው ጭላዳ ነው። እነዚህ ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሚኖሩ በጓሳ የተደረገ ጥናት በ2015 ዓ. ም. እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ታትሞ ወጥቷል። እንደ ጥናቱ፥ ቀይ ቀበሮ በጭላዳዎች መካከል እየሄደ አይጥ ሲያድን ከ100 ሙከራ 67 ጊዜ ያህል ይቀናዋል፤ ብቻውን ሆኖ ሲያድን ግን 25 ጊዜ ያህል ብቻ ነው። ጭላዳውም ቀይ ቀበሮው ልጆቹን እንደማይነካበት ስለሚያውቅ አይሸሸውም። ከዚህ የምንረዳው፥ ሣሩ ቢጠፋ ጭላዳው እንዲሄድ፥ አይጡም መሸሸጊያ እንዲያጣ፥ ቀይ ቀበሮውም እንዲራብ ነው። አውሬውን ለመጠበቅ የሚያስብ ሰው ሣሩን መጠበቅ አለበት፤ ሣሩን ለጣራው ሲል የሚጠብቅ ባላገርም ሳያስበው አውሬውን ይጠብቃል።

የቀድሞው ሥርዐት

የጓሳ ጥበቃ ቄሮ በሚባል ሥርዐት ይመራ ነበር። ሥርዐቱ በ17ኛው መቶ ዓመት እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር እንደ ተጀመረ ይነገራል። ሜዳው አስቦና ጌራ ከተባሉ አባቶች በተወለዱ ባለ አጽመ ርስቶች መካከል ለሁለት የተከፈለ ነበር። እያንዳንዱም ወገን አባ ቄራ የሚባል አለቃ ከመካከሉ ይመርጥ ነበር። አባ ቄራው የሚመረጠው በተጠቃሚዎቹ ዘንድ በታመነበት ነገር ነው እንጂ ከላይ በሚወርድ ሹመት አልነበረም።

አባ ቄራው ሜዳውን ለ3 ወይም ለ5 ዓመት ያህል ይዘጋዋል። በተዘጋበት ጊዜ ማንም ሰው ሣር አያጭድም፥ ማገዶ አይለቅምም፥ ከብት አያሰማራም። ጓሳ ለመብሰል ረዥም ጊዜ የሚፈልግ ሣር ነው፤ ሳይጠና የታጨደ ሣር ለክዳን አይሆንም፥ ሥሩም ይደክማል። ሣሩ መድረሱ በታወቀ ጊዜ አለቆቹ ተማክረው የመክፈቻውን ቀን ይወስናሉ። ቀኑ በበጋ ወራት ሆኖ በቤተ ክርስቲያንና በገበያ ለሁሉ ይነገራል። በዚያ ቀን ባለ መብት የሆነው ሁሉ ማጭዱን ይዞ ይወጣል። አንዱ አስቀድሞ፥ ሌላው ዘግይቶ የሚገባበት ነገር የለም። ሣሩ ከታጨደ በኋላ ለከብት ይከፈታል፤ ክረምቱ ሲቃረብ እንደ ገና ይዘጋል።

በመካከል ላለው ጊዜ ጥበቃው በተራ ነበር። ባለ መብት የሆነ ቤት ሁሉ ተራው በደረሰ ቀን ሰው ያወጣል፤ በተዘጋ ሜዳ የተገኘ ሌባም ተይዞ ለአባ ቄራው ይቀርባል። ተራውን ያጐደለ ሰው ብርቱ ቅጣት ያገኘው ነበር። ደመወዝ የሚባል ነገር አልነበረም። የጠባቂው ደመወዝ፥ የመክፈቻው ቀን በደረሰ ጊዜ ከሌላው እኩል ገብቶ ማጨዱ ነበር።

በዚህ ሥርዐት ውስጥ ለማንኛውም አገር የሚጠቅሙ አራት ነገሮች ይታያሉ። አንደኛ፥ የሚጠብቀውና የሚጠቀመው ሰው አንድ ነው። ሁለተኛ፥ አለቃውን የመረጡት የሚታዘዙት ሰዎች ናቸው። ሦስተኛ፥ የመዝጊያውና የመክፈቻው ጊዜ ለሁሉ የተሰማ ነው። አራተኛ፥ ተራ የሚጐድልበት ቤት የለም፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ምሳሌም የሚፈጸመው ከድሩ አንዱ ሳይጐድል ሁሉም ሲያብር ነው።

ሥርዐቱ ጕድለት አልነበረበትም ማለት ግን አይደለም። መብቱ በትውልድ የሚቈጠር ስለ ነበረ፥ በአጠገቡ እየኖረ ከነዚያ አባቶች ያልተወለደ ሰው ከሜዳው ውጭ ሆኖ ይቀር ነበር። ጢሱ ከሚታይበት ቤት ሆኖ ሣሩን በሩቅ የሚያይ ሰው ስለ ሜዳው የሚያስበው እንደ ባለ መብቱ አልነበረም። ይህም ጕድለት በኋላ ዋጋ አስከፍሏል።

ሥርዐቱ የተናጋበትና እንደ ገና የቆመበት መንገድ

በየካቲት 1967 ዓ. ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ እንዲሆን ታወጀ። ዐዋጁ ለጭሰኛው ትልቅ ነገር ነበረ፤ የባለ አጽመ ርስትን ልዩ መብት ሽሮ መሬቱን በገበሬ ማኅበራት እጅ አደረገ። በጓሳ ግን ከመብቱ ጋራ ጥበቃውም አብሮ ተሻረ። ቀድሞ የተከለከለው ጎረቤት፥ አሁን የሁሉ ነው ብሎ ገባ፤ ቀድሞ ይጠብቅ የነበረውም፥ የኔ ካልሆነ ለምን ብርድ ይመታኛል ብሎ ተራውን ተወ። ማን እንደሚዘጋ፥ ማን እንደሚከፍት ያልታወቀ ሜዳ ሆነ። ያልበሰለ ሣር ይታጨድ ጀመር፤ አንዱ እኔ ብተወው ሌላው ይወስደዋል እያለ ሁሉም ይሽቀዳደም ነበር።

በዚህ ላይ ሹማምንት ሊያስተውሉት የሚገባ ነገር አለ። የዐዋጁ አሳብ ሜዳውን ማጥፋት አልነበረም። የተሻረው መብት ነበር፤ ነገር ግን ጥበቃው በዚያው መብት ላይ ተንጠልጥሎ ይኖር ስለ ነበረ አብሮ ወደቀ። አሮጌውን ሥርዐት የሚለውጥ ሹም፥ ያ ሥርዐት የሚሠራውን ሥራ ነገ ማን ይሠራዋል? ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባዋል።

የመንዝ ሰው ግን ነገሩን ተመልክቶ ዝም አላለም። ጓሳን የሚያዋስኑት የገበሬ ማኅበራት ተወካዮቻቸውን እየመረጡ የጓሳ ኮሚቴ የተባለውን አቆሙ። ኮሚቴው ከቄሮ የሚጠቅመውን ወሰደ፤ መዝጋትና መክፈት፥ በተራ መጠበቅ፥ አጥፊን መቅጣት እንዳለ ቀረ። የጠፋው ነገር በትውልድ መለየት ነበር፤ አሁን ባለ መብት የሚባለው በአጠገቡ በሚገኙት ቀበሌዎች የሚኖር ገበሬ ሆነ። ስለዚህ ቀድሞ ከውጭ የነበረው ሰው ወደ ጠባቂዎቹ ቍጥር ገባ። በ2008 ዓ. ም. እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር የአማራ ክልል መንግሥት ስፍራውን በሕዝብ የሚጠበቅ የተፈጥሮ ስፍራ አድርጎ በሕግ ዐወቀው። በጀርመን አገር ያለው የፍራንክፈርት የእንስሳት ጥናት ማኅበርም ረዳት ሆነ፤ ከየቀበሌው የተመረጡ ጠባቂዎች ቆሙ፤ ከአገር ጐብኚዎች የሚገኝ ገንዘብም ለሕዝቡ የሚጠቅምበት መንገድ ተበጀ።

እዚህ ላይ መንግሥት የሠራው ሥራ አነስተኛ ይመስላል፤ ነገር ግን ዋናው እርሱ ነው። መንግሥት ኮሚቴውን አልሾመም፤ የቆመውን አጸናው። ወሰኑን በጽሑፍ አደረገለት፤ ፍርዱም እንዲጸና አደረገ። በ1967 ዓ. ም. የጐደለው ይህ ነበር።

በፈቃድ መጠበቅ ማለት ምን እንደ ሆነ

አንዳንድ ሹም በፈቃድ የሚሠራ ሥራ ማለት፥ ሰው ሲሻው የሚመጣበት፥ ሳይሻው የሚቀርበት ሥራ ይመስለዋል። ሌላው ደግሞ ያለ ደመወዝ የሚሠራ ሁሉ በፈቃድ የሚሠራ ነው ብሎ፥ ባላገሩን በትእዛዝ ሰብስቦ ወደ ተራራ ይሰደዋል። ሁለቱም ስሕተት ነው።

ፈቃድ የሚያስፈልገው በመግቢያው ላይ ነው። ሕዝቡ ተሰብስቦ መክሮ፥ ይህን ሜዳ እንጠብቃለን፥ ሕጋችን ይህ ነው፥ ዳኛችን እገሌ ነው ባለ ጊዜ ፈቃዱ ተፈጽሟል። ከዚህ በኋላ ግን ተራው ግዴታ ነው። እቁብ የገባ ሰው ጣሉን፥ እድር የገባም መዋጮውን ሳያጐድል እንደሚያወጣ፥ የጥበቃ ማኅበር የገባም ሰው ቀኑን አያጐድልም። በቄሮ ተራውን ያጐደለ ሰው መቀጣቱ ሥርዐቱን የጭቆና ሥርዐት አላደረገውም፤ የሚቀጣው ሕግ እርሱ ራሱ የተስማማበት፥ የሚቀጣውም ዳኛ እርሱ ራሱ የመረጠው ነበርና።

የግዳጅ ሥራ ግን ከዚህ ይለያል። በትእዛዝ የወጣ ሰው ሹሙ እስኪመለከተው ይቆማል፤ ሹሙ ፊቱን ሲያዞር ቍጭ ይላል። ከዚህም የባሰ፥ ሜዳውን የሹም ርስት አድርጎ ስለሚቈጥረው፥ ሌላ ሰው ሲሰርቅ ቢያይ አይናገርም። ደመወዝ ሳይከፈለው፥ ጥቅምም ሳይኖረው፥ ልጁ ማገዶ ሲለቅም ተይዞ የተቀጣበት ባላገር በልቡ የዱሩ ጠላት ይሆናል።

ስለ እሳትና ስለ በሽታ

በማኅበር የሚሠራ ጥበቃ ኃይሉ የሚታወቀው በክፉ ቀን ነው። በ1992 ዓ. ም. በባሌና በቦረና ደን ውስጥ ትልቅ እሳት በተነሣ ጊዜ፥ ከአገሩ ሰው ጋራ ወታደሮች፥ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ተማሪዎች በፈቃዳቸው ዘምተው እሳቱን ለማጥፋት ደክመዋል። እንደዚሁም በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ. ም. በስሜን ተራሮች ፓርክ እሳት ተነሣ። ይህ ስፍራ ከዚያ በቀር በሌላ አገር የማይገኘው ዋልያ የሚኖርበት ነው። የአካባቢው ገበሬና ወጣቶች ከፓርኩ ጠባቂዎች ጋራ በቅጠልና በአፈር ታገሉት፤ እሳቱ ሰው በማይደርስበት ገደል ስለ ገባ ከእስራኤል አገር የእሳት ማጥፋት ባለሙያዎች፥ ከኬንያም ሄሊኮፕተር መጥቶ ረዳ። ሄሊኮፕተር ከሩቅ አገር እስኪመጣ ድረስ በተራራው ላይ የሚገኘው ሰው ጎረቤቱ ብቻ ነው።

ነገር ግን እሳት ያለ ሥርዐት የተሰበሰበን ብዙ ሕዝብ ለሞት ያደርሳል። ስለዚህ ማኅበሩ ከበጋ በፊት እነዚህን ነገሮች ሊማር ይገባል። እሳት በዳገት ላይ ወደ ላይ ሲወጣ እጅግ ይፈጥናል፤ ስለዚህ ከነበልባሉ በላይ በዳገቱ ላይ ሰው አይቁም። ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ የሚያይ አንድ ሰው ሁልጊዜ ይመደብ። ወደ ኋላ የሚሸሹበት መንገድ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይታወቅ። በእሳቱ ፊት ሣርና ቍጥቋጦ ተመንጥሮ አፈሩ እስኪታይ የተጠረገ መስመር ይውጣ፤ ለዚህ ዶማ፥ አካፋና መጥረቢያ በአንድ የታወቀ ቤት አስቀድሞ ይቀመጥ። ነበልባሉ ከጠፋ በኋላም እሳት በሥርና በጕቶ ውስጥ ተዳፍኖ ስለሚቈይ፥ ጥቂት ሰዎች ለተወሰኑ ቀናት ይጠብቁት። ስንቅና ውሃ የሚያቀርብ፥ የወጡትንና የተመለሱትን ሰዎች ስም የሚጽፍም ሰው አይታጣ። ስሙ ሳይጻፍ የወጣ ሰው ቢጠፋ መጥፋቱን የሚያውቅ የለም።

ከእሳት ቀጥሎ የሚያስፈራው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ይህ በሽታ ከውሻ ወደ ቀይ ቀበሮ ይተላለፋል። በባሌ ተራሮች በ2003 እና በ2008 ዓ. ም. እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ገብቶ ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን ፈጅቷል። ቍጥራቸው በአሥር በሚቈጠርበት እንደ ጓሳ ባለ ስፍራ ይህ በሽታ ቢገባ ዘሩን በአንድ ክረምት ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ የእረኛ ውሻ ሁሉ በየጊዜው እንዲከተብ፥ ሥራ የሌለው ውሻም ወደ ሜዳው እንዳይወጣ ማኅበሩ ሕግ ያድርግ። ሰው የማይፈራ፥ የሚንገዳገድ ወይም ለሐጩ የሚዝረከረክ አውሬ የታየ እንደ ሆነ፥ ሞቶም የተገኘ እንደ ሆነ ማንም በእጁ አይንካው፤ ስፍራውንና ቀኑን ለወረዳው የእንስሳት ሐኪም ያስታውቅ። ሰው የተነከሰ እንደ ሆነ ቍስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውሃ ሩብ ሰዓት ያህል አጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ። ይህ በሽታ በሰው ላይ ከተገለጠ በኋላ መድኀኒት አይገኝለትምና።

ሹም ሊያደርገው የሚገባ

አንደኛ፥ ማኅበሩን ሕዝቡ ይምረጥ። ሹም በስብሰባው ይገኝ፥ ምርጫውን በመዝገብ ያጽፍ፤ ነገር ግን ዘመዱን ወይም ወዳጁን አያስመርጥ። ሕዝቡ ያላመነበት አለቃ የሜዳውን በር መዝጋት አይችልም።

ሁለተኛ፥ ተጠቃሚው ማን እንደ ሆነ በስም ይጻፍ። በዚህ ጊዜ ድኻውና መሬት የሌለው ወጣት እንዳይረሱ፤ ይልቁንም ማገዶ የምትለቅመው ሴት ትጠየቅ። በስብሰባ ላይ የሚናገሩት ብዙ ጊዜ ከብት ያላቸው ወንዶች ናቸው፤ ሜዳው ሲዘጋ በመጀመሪያ ምድጃዋ የሚጠፋባት ግን እርስዋ ናት። ለማገዶዋ ሌላ ስፍራ ወይም የታወቀ ቀን ካልተሰጣት፥ ሕጉ እርስዋን ሌባ ከማድረግ በቀር ሌላ ጥቅም አይኖረውም።

ሦስተኛ፥ ተራው የሚቻል ይሁን። 120 ቤት ባለበት ቀበሌ በየቀኑ 6 ሰው የሚወጣ ቢሆን ለአንዱ ቤት በ20 ቀን አንድ ጊዜ ይደርሰዋል፤ ይህ የሚቻል ነው። በእርሻና በአጨዳ ወራት ቍጥሩ ይቀነስ። ሰው የሌለው የሽማግሌና የመበለት ቤትም ተራውን በሌላ ቀላል ሥራ እንዲተካ ይደረግ።

አራተኛ፥ ሹም ራሱ በሕጉ ይገዛ። ሜዳው ተዘግቶ ሳለ የድኻ ላም ተይዛ የሹሙ በሬዎች ዝም ከተባሉ ማኅበሩ በዚያው ቀን ፈርሷል። ሕዝቡ ይህን አይቶ ምንም ላይናገር ይችላል፤ ነገር ግን በማግሥቱ ተራ ጠባቂ አይወጣም። ባለ ጠጋው አስቀድሞ ቢቀጣ ግን ሌሎቹን መቅጣት ብዙ ጊዜ አያስፈልግም።

አምስተኛ፥ የማኅበሩ ሥልጣን እስከ የት እንደሚደርስ በግልጥ ይነገር። ጠባቂው ያያል፥ ይከለክላል፥ ይይዛል፥ ወደ ዳኛ ያቀርባል። መደብደብ፥ መተኰስ፥ የሰውን ዕቃ ለራሱ መውሰድ የተከለከለ ነው። ማኅበሩ በውስጥ ደንቡ የሚቀጣው ትንሹን ጥፋት ነው፤ አውሬ መግደል፥ ደን ማቃጠል፥ ወሰን አፍርሶ ማረስ ግን ወደ ፍርድ ቤት ይሂድ። እዚያም የቀረበው ነገር ዓመት ሙሉ አይጓተት። ሌባውን ይዞ ያቀረበ ጠባቂ፥ ሌባው በሳምንቱ በገበያ ሲሥቅበት ቢያገኘው ሁለተኛ አይዝም።

ስድስተኛ፥ መዝገብ ይኑር። ጠባቂዎች ከተራ ሲመለሱ ያዩትን ያጽፉ፤ ቀኑን፥ ስፍራውን፥ ምን ያህል ቀይ ቀበሮና ጭላዳ እንዳዩ፥ ከብት የገባበትን፥ የተቈረጠውን፥ ጢስ የታየበትን። ማንበብና መጻፍ የሚችል አንድ የትምህርት ቤት ተማሪ ለዚህ ይበቃል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ይህ መዝገብ አውሬው በዝቷል ወይስ ጐድሏል የሚለውን ክርክር በወሬ ሳይሆን በጽሑፍ ይፈርዳል።

ሰባተኛ፥ ጥቅሙ ለጠባቂው ይድረስ። ከጐብኚ የሚገኘው ገንዘብ፥ ከሣሩም ሽያጭ የሚወጣው፥ ምን ያህል እንደ ሆነና ምን እንደ ተሠራበት በዓመት አንድ ጊዜ በሕዝብ ፊት ይነበብ። በጥበቃ ወይም በእሳት ላይ የተጐዳ ሰው የሚታከምበት፥ የሞተም ቤተ ሰብ የሚረዳበት ነገር አስቀድሞ ይወሰን። ሰው በፈቃዱ ሲደክም ደመወዝ አልጠየቀም ማለት ሕይወቱ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም።

ለመጠያየቂያ የሚሆን

ይህን ትምህርት ያነበበ ሹም በግዛቱ ስላለው ዱር፥ ሜዳ ወይም የአራዊት መጠበቂያ ከጸሓፊዎቹና ከአገር ሽማግሌዎች ጋራ ተቀምጦ እነዚህን ነገሮች ይጠያየቅ።

1. በዚህ ስፍራ ቀድሞ ሕዝቡ ራሱ የሚጠብቅበት ልማድ ነበረን? ከነበረ ምን አፈረሰው?

2. አሁን ከስፍራው የሚጠቀመው ማን ነው? የሚጠብቀውስ? ሁለቱ አንድ ናቸው ወይስ ልዩ ልዩ?

3. ሜዳው ቢዘጋ በመጀመሪያ የሚቸገረው ቤት የትኛው ነው? ለእርሱስ ምን ታስቧል?

4. ባለፈው ዓመት በጠባቂዎች ተይዘው ከቀረቡት ሰዎች ስንቱ ተፈረደባቸው? ከነዚያ መካከልስ ባለ ጠጋ ወይም የሹም ዘመድ ይገኛልን?

5. ዛሬ ማታ በተራራው ላይ እሳት ቢነሣ ዶማውና አካፋው የት ነው? ሰውንስ የሚጠራው ማን ነው?

ለነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያለው ወረዳ ዘበኛው ጥቂት ቢሆንም ዱሩ ይተርፍለታል። መልስ ያጣው ግን የዘበኛ ቍጥር እንዲጨመርለት ከመጻፉ በፊት ሕዝቡን ሰብስቦ ከመጀመሪያው ጥያቄ ይጀምር።